ፋይሉ ተዘጋ፤ ልጅቷስ?



ሰሞኑን በየከተማው «ቅንጅት» የሚለው ቃል በርክቷል። «መሶብ» ተብለው የተከፈቱት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ብዙ ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያልቅ እያደረጉ ነው። ለአንዲት ማስረጃ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ለኖረ ሰው ይህ ኸይር ነው፤ አልሐምዱሊላህ እንላለን። የሕፃናት ጉዳይም «በቅንጅት እየተሠራ ነው» የሚል ሪፖርት በየመድረኩ እንሰማለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ተቀናጅቷል የሚባለው ምኑ ታይቶ ነው?

ነገሩን በአንዲት ልጅ እንየው። ስለ አንዲት የምናውቃት ልጅ እያወራን አይደለም፤ ግን የሁላችንም ሰፈር ውስጥ አለች። አሥር ዓመቷ ነው። «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ ከገጠር ወደ አክስቷ ቤት መጥታለች። ክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታዋለች። ከተመዘገበችበት ትምህርት ቤት ከወር በላይ እንደቀረች የክፍሏ መምህር ያውቃል። የማታውን ጩኸት ጎረቤት ሰምቷል። ቅዳሜ መድረሳ ስትመጣ ቁርኣኗ ላይ እንደምታንቀላፋ ኡስታዙ ታዝቧል። ወረዳው ደግሞ መኖሯንም አያውቅም፤ የልደት ምዝገባ የላትም። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቁራጭ ይዟል። ቁራጮቹን የሚያገጣጥም ሰው ግን የለም።

ይህች ልጅ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ነበረች። መጨረሻዋ ምን እንደሆነ በዝርዝር ተጽፏል። ዛሬ ወደ እንግሊዝ የምንሻገረውም ለዚሁ ነው። አገሩን ስላደነቅን አይደለም፤ ጥፋታቸውን ራሳቸው መርምረው ለሕዝብ ስላወጡት ከእነሱ መማር ይቻላል።

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የኮትዲቯር ልጅ ነች። የአባቷ አክስት «አውሮፓ ወስጄ ላስተምራት» ብላ ከወላጆቿ ተቀበለቻት። በእኛ አነጋገር አማና ወሰደች። እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንሳይ በኩል፣ በሌላ ልጅ ፓስፖርትና በሌላ ልጅ ስም፣ ለንደን ገባች። ዓመት ሳይሞላት፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 2000 ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰውነቷ ላይ 128 የጉዳት ምልክቶች ተቆጠሩ። አክስቲቱና አብሯት ይኖር የነበረው ሰው በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ቪክቶሪያ ተደብቃ አልሞተችም። የአራት የለንደን አካባቢ አስተዳደሮች የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሎች ስሟን ያውቁ ነበር። ሁለት ሆስፒታሎች አክመዋታል። ሁለት የፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ቡድኖች ጉዳይዋ ደርሷቸዋል። አንድ የበጎ አድራጎት ማዕከልም ተልኳል። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመው የሎርድ ላሚንግ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ ልጅቷን ማዳን ይቻል የነበረባቸውን ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች ቆጥሯል። በአንዱ ሆስፒታል ጠባሳዋ የእከክ በሽታ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ቤቷ ሄዳ ማየት የነበረባት የፖሊስ ባልደረባ እከኩ ይዞኝ ይሄዳል ብላ ቀረች። ጉዳይዋን የያዘችው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ልጅቷን ያየቻት አራት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ትምህርት ቤት ደግሞ ለንደን ውስጥ አንድም ቀን አልገባች። ለምን አልገባችም ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

አስተዳደሩ ፋይሏን በይፋ የዘጋው በሞተችበት ዕለት ነው።

ሁለት ነገሮች ከዚያ ዘገባ ውስጥ ለእኛ የተጻፉ ይመስላሉ። የመጀመሪያው፣ ልጅቷ አክስቷ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ስትቆም ያዩ ሰዎች ነበሩ። ፍርሃት መሆኑን አላሰቡም፤ «በባህላቸው ልጅ ታላቅ ያከብራል» ብለው አለፉት። እኛ ቤትስ «ጨዋ ልጅ፣ ቃል አይወጣትም» የምንላት ስንቷ ናት በፍርሃት አፏ የተዘጋው? ሁለተኛው፣ አክስቲቱ ልጅቷን ወደ ሃይማኖት ሰዎች ወስዳት ነበር፤ እነሱም ክፉ መንፈስ አድሮባታል አሉ። ይህን «የእነሱ ጉዳይ ነው» ብለን ብናልፈው ራሳችንን እንዋሻለን። በእኛም መካከል ሌሊት የምትቃዥ፣ የምትሸና፣ የምትደነግጥ ልጅ ቶሎ «ጂን ነክቷት ነው» ትባላለች። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ ቁርኣን ሺፋ ነው። የተቃጠለ ክንድ ግን ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ማን እንዳቃጠለውም ይጠየቃል። ሩቅያ አድርጎ የሚያበቃ ኡስታዝ ልጅቷን መልሶ ወደ እሳቱ ሊልካት ይችላል።

ከዚህ ሞት በኋላ እንግሊዝ ትልቅ ለውጥ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2003 «እያንዳንዱ ልጅ ዋጋ አለው» የሚል መንፈስ ያለው የመንግሥት ሰነድ ወጣ፤ በ2004 የሕፃናት ሕግ ጸደቀ። በየአካባቢ አስተዳደሩ ትምህርትና የሕፃናት ማኅበራዊ አገልግሎት በአንድ ዳይሬክተር ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። ጤና፣ ፖሊስና አስተዳደር የመተባበር ግዴታ ተጣለባቸው። የሥራው ውጤት በአምስት ነገሮች እንዲለካ ተወሰነ፤ ልጁ ጤነኛ ነው ወይ፣ ከአደጋ ተጠብቋል ወይ፣ እየተደሰተና እየተማረ ነው ወይ፣ ለማኅበረሰቡ ያበረክታል ወይ፣ ከድህነት ይወጣል ወይ። በአገሪቱ ያሉትን 11 ሚሊዮን ልጆች የሚመዘግብ የመረጃ ቋትም ተሠራ፤ አንዱ ባለሙያ ሌላው ባለሙያ ማን እንደሆነ እንዲያውቅ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

ታዲያ ማን ይገምግመው? ግምገማውን ኦፍስቴድ የሚባለው ተቆጣጣሪ ተቋም ይመራ ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስደነግጠው።

ቪክቶሪያ ፋይሏ ከተዘጋበት ከሐሪንጌይ አስተዳደር ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2007 ፒተር የሚባል የ17 ወር ሕፃን ሞተ። የጤና፣ የፖሊስና የማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች በስምንት ወር ውስጥ ወደ ስልሳ ጊዜ ያህል አይተውት ነበር። አሁን ዳይሬክተሩ አንድ ነው፣ ሕጉ አለ፣ ኮሚቴው አለ። በዚያው ዓመት የሐሪንጌይ የሕፃናት አገልግሎት ያገኘው ዓመታዊ የግምገማ ውጤት ግን «ጥሩ» የሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ይፋ ወጥቶ አገሩ ሲናወጥ አስቸኳይ ፍተሻ ተላከ፤ ያን ጊዜ አገልግሎቱ ከባድ ጉድለት እንዳለበት ተነገረ።

በአንድ ዓመት ልዩነት ጥሩ የነበረው እንዴት መጥፎ ሆነ? አልሆነም። የመጀመሪያው ግምገማ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሠራ ነበር። አስተዳደሩ የላከውን አኃዝና ሰነድ አንብበው ነጥብ ሰጡ። በስንት ቀን ቅጽ ተሞላ፣ ስንት ስብሰባ ተደረገ፣ ስንቱ ጉዳይ በጊዜ ገደቡ ታየ የሚለው ሁሉ ተለክቷል። የልጁ ፊት ላይ ያለው ቸኮሌት ከሥሩ ምን እንደሚሸፍን የሚጠይቅ ቅጽ ግን የለም። የፒተር እናት ቁስሉን በቸኮሌት ቀብታ ነበር ሠራተኛዋን ያሳለፈቻት።

የመረጃ ቋቱም 224 ሚሊዮን ፓውንድ ከወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። በ2011 ፕሮፌሰር አይሊን ማንሮ በመንግሥት ጥያቄ ባቀረቡት ግምገማ፣ ሠራተኛው ቅጽ ሲሞላ ከልጁ ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ እንደጠፋ ጻፉ። አስቡት፤ ልጅ እንዳይረሳ ተብሎ የተሠራው አሠራር ሠራተኛውን ከልጁ ወስዶ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠው።

ይህን ስናነብ ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን የኸሊፋው የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ታሪክ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ዑመር ለሕፃናት ከበይተል ማል ቀለብ ሲቆርጡ ጡት ከጣለ በኋላ እንዲጀምር አድርገው ነበር። አንድ ሌሊት የነጋዴዎች ቅፍለት መዲና ሰፍሮ፣ ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር ሊጠብቋቸው ወጡ። ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙና እናቱን አባብይው አሏት። ደግሞ አለቀሰ፤ ደግመው ሄዱ። በመጨረሻ ምን ሆኖ ነው ቢሏት፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ዑመር ጡት ላልጣለ አይቆርጥማ! በዚያ ፈጅር ሲያሰግዱ ከልቅሶ ብዛት ቂራአታቸው አልለይ አለ ይባላል። ከዚያም ማንም ልጁን ቶሎ ጡት እንዳያስጥል፣ ቀለቡ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ እንደሚቆረጥ አስነገሩ፤ ለየግዛቱም ጻፉ።

መዝገቡ ላይ ስህተት አልነበረም። ቀለቡ በጊዜው ይወጣል፣ ስሙ ይሰፍራል። የሕፃኑ እንባ ግን መዝገቡ ላይ አይሰፍርም። ዑመር የገዛ ራሳቸው ደንብ ሕፃኑን እያስራበ መሆኑን ያወቁት በእግራቸው ሄደው ስለሰሙ ነው። ከዚያም «ተገልጋዩ ግንዛቤ የለውም» አላሉም፤ ደንቡን ለወጡት።

እንግሊዝም የተሳካላት ቦታ አለ፤ እሱን አለመናገር ግፍ ይሆናል። ሹር ስታርት የሚባለው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ ተከፈተ። ጤና፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የወላጆች ምክርና ሥራ ፍለጋ እናት ጋሪ እየገፋች በምትደርስበት ቦታ በአንድ ማዕከል ተሰባሰቡ። የፊስካል ጥናት ተቋም ከዓመታት በኋላ ተከታትሎ ሲያየው፣ አጠገቡ ያደጉ ልጆች ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ቀንሶ፣ በ16 ዓመታቸው የሚወስዱት አገር አቀፍ ፈተና ላይ ውጤታቸው ተሻሽሎ ተገኘ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት የድሃ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህ ጥናት ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ውጤቱ የመጣው ሰፋ ያለ በጀት ከነበራቸውና የሰፈሩ ወላጆች በአመራሩ ከተቀመጡባቸው ከመጀመሪያዎቹ ማዕከላት ነው። በኋላ ወላጆቹ ከወንበሩ ወርደው፣ ገንዘቡ ሳስቶ፣ በየቦታው በአስተዳደሩ የተከፈቱት ማዕከላት ያንን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ስሙ አንድ፣ ሰሌዳው አንድ፣ ውጤቱ ሌላ።

አሁን ወደ ቤታችን።

በ2014 ዓ.ም. የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ «የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስቴር» ቀርቶ «የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር» መጣ። ማዋሃድ ነው፤ ሥራውም አልተሰረዘም፣ የሕፃናት መብት የዚሁ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው። ግን «ሕፃናት» የሚለው ቃል ከሰሌዳው ወረደ። ወረዳ ስትወርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ ባለሙያ የሴቶችንም፣ የአረጋውያንንም፣ የአካል ጉዳተኞችንም፣ የሕፃናትንም ጉዳይ ይዞ ታገኙታላችሁ። ሰውየውን አንወቅስም፤ ወላሂ ከነሱ መካከል በደሞዛቸው ታክሲ ከፍለው ልጅ የሚያሳክሙ አሉ። የምንወቅሰው ይህን ሰው የምንለካበትን መለኪያ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ግንዛቤ የተፈጠረላቸው» ሰዎች ብዛት አለ፣ የምክክር መድረክ ብዛት አለ፣ ማዕድ የተጋራላቸው ብዛት አለ። ባለፈው ዓመት ጉዳያቸው ከቀረበው ልጆች ዛሬ ስንቱ ደኅና ነው የሚለው የለም።

ጥሩ ጅምሮችም አሉን። በጥቃት የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚያገኙባቸው ማዕከላት፣ እንደ አዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው፣ ተጎጂዋ ታሪኳን አራት ቢሮ እየዞረች እንዳትደግም ያደርጋሉ። አዲስ አበባ በጀመረችው የቀዳማይ ልጅነት መርሐ ግብርም ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን የሚያማክሩ ባለሙያዎች ተሰማርተዋል። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተጀምሯል፤ ያልተመዘገበ ልጅ ለማንኛውም ቢሮ የለም ማለት ስለሆነ የሁሉም መነሻ ይኸው ነው። የእነዚህ ጥቅም ወደ ሰሌዳ እንዳይቀየር ሹር ስታርትን እናስታውስ።

የእኛ የሙስሊሙ ድርሻ ላይ ስንደርስ ግን ጣታችንን ወደ ወረዳ ብቻ ቀስረን መቆየት አንችልም።

ደረሳዎቹን እንውሰድ። ቁርኣንና ኪታብ ሊቀሩ ከገጠር ወደ ከተማ የመጡ ልጆች በየመስጂዱና በየመድረሳው አሉ። ስማቸው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የለም፣ ጤና ጣቢያ የለም፣ ብዙዎቹ ልደታቸው አልተመዘገበም። ወረዳው «የሃይማኖት ጉዳይ ነው» ይላል፤ እኛም «የኛ ጉዳይ ነው» ብለን በሩን እንዘጋለን። በመካከል ልጁ ከቢሮውም ከኛም ዓይን ውጭ ይሆናል። ብዙ ኡስታዞች ከራሳቸው ማዕድ እያበሉ ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው፤ አላህ ይቀበላቸው። ግን አንድ ደግ ኡስታዝ አለ ማለት አሠራር አለ ማለት አይደለም። እሱ ሲታመም ወይም ሲቀየር ልጁን ማን ያውቀዋል?

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም አሉ። የፌዴራሎቹ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩ ናቸው፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የፍቺ፣ የቀለብና የሞግዚትነት ጉዳይ ያያሉ። ቃዲው ሐዷናውን ለእናት፣ ቀለቡን በአባት ላይ ይወስናል። ጥሩ። ከስድስት ወር በኋላ ቀለቡ ቢቋረጥና ልጁ ከትምህርት ቤት ቢወጣ ይህን ለፍርድ ቤቱ የሚነግረው ማነው? መምህሩ ውሳኔ መኖሩን አያውቅም፤ ፍርድ ቤቱ ልጁ መቅረቱን አያውቅም። አንድ የስልክ ጥሪ የሚፈታው ነገር ነው፤ ግን ደውል ተብሎ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው የለም። ቅንጅት የምንለው ይህችን ጥሪ ነው።

ስለዚህ ለከተማና ለወረዳ አስተዳዳሪዎቻችን የምንለው፣ በሚቀጥለው ግምገማ የስብሰባውን ብዛት ትታችሁ አምስት ልጆች ምረጡ። በዕጣ ይሁን፤ ቢሮው ያሳመረውን ፋይል አይሁን። ጉዳያቸው የተጀመረበትን ቀን ያዙና ከጤና ጣቢያው እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከፖሊሱ እስከ ቤታቸው ደጃፍ በእግራችሁ ተከተሉት። የቱ ላይ ተቆረጠ? ማን ለማን ሳይነግር ቀረ? ልጁንስ ብቻውን፣ አሳዳጊው በሌለበት፣ ያናገረው አለ? እንግሊዞች ዛሬ በጋራ ፍተሻቸው ጥቂት ልጆችን መርጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚከታተሉት ያንን ሁሉ ዋጋ ከከፈሉ በኋላ ነው። እኛ በነሱ ልጆች ሞት የተማርነውን በነፃ ማግኘት እንችላለን። ግምገማው ሲደረግም የመስጂድ ኮሚቴ፣ የዕድር ዳኛና አንዲት የሰፈር እናት ይቀመጡበት።

ለጀመዓ ወጣቶች ደግሞ፤ የየመስጂዳችሁን መድረሳ ልጆች ስም፣ ዕድሜና የመጡበትን ቦታ መዝግባችሁ፣ ልደታቸው ያልተመዘገበውን ወረዳ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ይህ ፈቃድም በጀትም አይጠይቅም። ከእናንተ መካከል አንድ እህትና አንድ ወንድም፣ ኮሚቴው የሚያምናቸው፣ ከጤና ጣቢያውና ከወረዳው ባለሙያ ጋር ስልክ ይለዋወጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የተጎዳችን ልጅ ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ «ሼር አድርጉ» ማለት ማሳወቅ አይደለም፤ የልጅቷን ገመና መግፈፍ ነው፣ ስታድግም ይከተላታል። ማወቅ ያለበት ሰው ብቻ ይወቅ።

«የሰው ቤት ገበና ውስጥ ምን አገባን» የሚሉ ወንድሞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ጥርጣሬና ስለላ በዲናችን ክልክል ነው፤ ልክ ናቸው። ለንደን ያሉ እህቶቻችንም «ሶሻል ሰርቪስ ልጅ ይወስዳል» እያሉ በፍርሃት ሲኖሩ እንሰማለን፤ መንግሥት በየቤቱ እንዲገባ መጋበዝ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይናችን ፊት ያለ ቃጠሎ ግን ስለላ አይፈልግም። የቲምን ማስጨነቅ የተከለከለበት ዲን ተከታዮች ሆነን የየቲሟን ልቅሶ በግድግዳ በኩል እየሰማን ዝም ካልን፣ ገበና የጠበቅነው የማንን ነው?

በከተማችሁ ይህን የሞከራችሁ ጀመዓዎች ካላችሁ ጻፉልን። የልጆቹን ስም ሳትጠቅሱ፣ የትኛው ቢሮ መልስ እንደሰጣችሁና የትኛው በር ላይ እንደቆማችሁ ንገሩን፤ ሌላው ከተማ ያሉት ወንድሞቻችሁና እህቶቻችሁ ከዚያ ይጀምራሉ፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።